ብርጭቆ በጥንቱ የመድኃኒት ቅመማ

ጥንት መድኃኒት ቀማሚዎች አበባና ቅጠል አፍልተው፥ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ጠብታውን የሚሰበስቡበት ዕቃ በዐረብኛ «አል አንቢቅ» ይባል ነበር። ስለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ከጻፉት አንዱ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ300 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ የነበረው ዞሲሞስ ነው። ዕቃው ሦስት ክፍል አለው፤ ይኸውም ከእሳቱ በላይ የሚቀመጠው ቅል መሰል ማፍያ፥ እንፋሎቱን የሚቀበለው ባለ አፍንጫ ክዳንና ጠብታው የሚወርድበት ብልቃጥ ነው። በአገራችን አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ታዲያ መዳብ ሳለ በቀላሉ የሚሰበረው ብርጭቆ ስለ ምን ተመረጠ ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱን የምናገኘው ከሚፈላው ነገር ነው። ኮምጣጤ መዳብንና እርሳስን ይበላል፤ ከዚህም የሚገኘው ጨው መርዝ ነው። የእርሳሱ ጨው ጣፋጭ ስለ ሆነ በሽተኛው አይጠረጥረውም። ናይትሪክ አሲድማ ብርን እንኳ ያሟሟል። ብርጭቆ ግን ለእነዚህ አይበገርም፤ ውስጡንም ያሳያል።

ጉድለቱ ድንገተኛ ሙቀት ሲያገኘው መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ ቀማሚዎቹ ማፍያውን በጭቃ ይለስኑት፥ ወይም ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲደርሰው በአሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። መገጣጠሚያው እንዳያፈስ ደግሞ ማፍያውና አፍንጫው አንድ ወጥ የሆነውን ሪቶርት አበጁ።

ዛሬ በቤተ ሙከራ የምንሠራበት ብርጭቆ ቦሮን የተጨመረበት በመሆኑ በሙቀት ብዙ አይለጠጥም፤ ጭቃም አያሻውም። እንግዲህ አሮጌውን ማፍያ በቤተ መዘክር ስናይ፥ ቅርጹን ከማድነቅ አልፈን በሽተኛውን ከምን መርዝ እንዳዳነው ልናስብ ይገባናል።