በሌሊት ስለሚጠመደው ታላቅ ዓሣ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፥ በዴቨንና በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ፥ ኮንገር የሚባል እባብ መሰል ታላቅ ዓሣ ይገኛል። ቀኑን በዐለት ስንጥቅና በሰጠመ መርከብ ሆድ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ግን በማሽተት እየተመራ ለአደን ይወጣል። ስለዚህ አጥማጁ ጨለማን ይጠብቃል፤ በመንጠቆውም ላይ የማከሬል ዓሣ ቁራጭ ይሰካል። የኮንገር ጥርስ ቀጭኑን ክር ይበጥሳልና፥ ከመንጠቆው ጋር የሚያያዘው ወፍራም ክር ወይም ሽቦ ሊሆን ይገባል።

ወደዚህ ሥራ ብቻውን የሚሄድ ሰው አስተዋይ አይባልም። ዐለቱ ያዳልጣል፤ ማዕበሉም በጨለማ አይታይም። የዓሣውም ጉልበት ቀላል አይደለም፤ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በዴቨን፥ በቤሪ ሄድ አጠገብ የተያዘው ኮንገር 60 ኪሎ ያህል መዝኖ ነበር። እንግዲህ አንዱ ዘንጉን ሲይዝ፥ ባልንጀራው መብራቱን ያበራል፤ ማዕበሉን ይጠብቃል፤ ዓሣውንም ለማውጣት ያግዛል።

ኮንገር በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ወርዶ ይራባል፤ ከዚያም ይሞታል። እንግዲያስ በዳርቻ የሚያዘው ገና ዘር ያልተካ ነው። ሁለቱ ባልንጀሮች በመብራታቸው አይተው፥ መንጠቆውን በጥንቃቄ አውጥተው በሕይወት ቢመልሱት፥ የሚመጣውን ትውልድ ዓሣ ጠበቁ ማለት ነው።