ሞተሪኖ ላስገባለት?

ከቻናሉ ተከታታዮች አንዱ የላከልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «የ1967 ትራያምፍ ቦንቪል ፈታትቼ እየገጠምኩ ነው፤ ሞተሪኖ ላስገባለት ወይስ በእግር ይነሳ?» በእግር ይነሳ አልኩት። ምክንያቱ በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር ላድርገው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው ኤሌክትሪኩ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ገመድ ይገዛል፤ ቀጥሎ ዓይኑ ያረፈበትን መብራት፤ በመጨረሻ ከመቀመጫው ሥር የሚገባለትን ባትሪ ይወሽቃል። እኔ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚወሰነው ሞተሩ በምን እንደሚነሳ ነው፤ ባትሪውም፣ አልተርኔተሩም፣ የገመዱ ውፍረትም ያንን ይከተላሉ። በእግር ለሚነሳ ሞተር ባትሪው የሚጠየቀው ለካንዴላው እሳት የሚሆን ጥቂት አምፔር ስለሆነ 5 አምፔር ሰዓት የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ትበቃዋለች። እንዲያውም ሉካስ የሚባለው የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች 2ኤምሲ የሚባል ካፓሲተር ነበረው፤ እሱ የተገጠመለት ሞተር ያለባትሪም ይነሳል። ሞተሪኖ ግን ለጥቂት ሰከንድ ከ100 አምፔር በላይ ሊጎትት ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ባትሪ፣ ወፍራም ገመድና ሪሌ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሲነሳ ሞተሪኖውን የሚለቅ መሣሪያም ያሻዋል። ይህን ሁሉ የሚሸከም ቦታ ደግሞ የ67ቱ ቦንቪል ላይ የለም።

ሆንዳ በ1960 ያወጣው ሲቢ72 ሞተሪኖው ከመጀመሪያው አብሮት የታሰበ ነው። እንግሊዞቹ ዘገዩ። ኖርተን በ1975 ኮማንዶ ማርክ 3 ላይ ሞተሪኖ ሲያስገባ ሞተሩ ቀድሞ ለእግር የተሠራ ስለነበር የሞተሪኖው አቅም አልበቃም፤ ብዙ ባለቤቶች ቁልፉን ተጭነው ፔዳሉንም በእግራቸው ያግዙታል። (ዛሬ አልቶን የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ለኮማንዶ የሚሆን ደህና ሞተሪኖ ይሠራል፤ ዋጋውን ስታዩ ግን እግራችሁን ትወዱታላችሁ።) ትራያምፍ በ1980 በቲ140ኢኤስ ላይ የተሻለ አደረገ፤ ሞተሪኖውን ከሲሊንደሮቹ ኋላ፣ ድሮ ማግኔቶ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ያንን ፈትቶ ወደ 67ቱ ማዛወር ግን የሞተሩን አካል ጭምር መለወጥ ነው።

ደግሞስ 650 ሲሲ በእግር ማስነሳት ያን ያህል ይከብዳል? ፔዳሉ መልሶ የሚመታችሁ ከሆነ ጥፋቱ ከእሳቱ ሰዓት ነው። ይህ ሞተር ሙሉ ፍጥነት ላይ ሲሆን እሳቱ የሚወጣው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 38 ዲግሪ ቀድሞ ነው። ሲነሳ ግን በጣም መዘግየት አለበት፤ ይህን የሚያደርጉት ከፑንቲናው ኋላ ያሉት ትናንሽ ክብደቶችና ስፕሪንጎች ናቸው። ዝገው ከተጣበቁ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ እሳቱ ያለጊዜው ይወጣል፤ ፒስተኑም ወደ ኋላ ይገፋል። የሞተሪኖ ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ቦታ ክፈቱና ዘይት ጠብ አድርጉባት።

ለእሳቱ ሦስት መንገድ አለ። በ1959 የወጣው የመጀመሪያው ቦንቪል ማግኔቶ ነበረው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ጥሩ ሲሆን ድንቅ ነው። በውስጡ ያለው ኮንደንሰር ሲያረጅ ግን ቀዝቅዞ የተነሳ ሞተር ሞቆ ከጠፋ በኋላ እምቢ ይላል። ከ1963 ጀምሮ ፑንቲናና ቦቢና መጡ፤ መንገድ ዳር በጠፍጣፋ ካቻቪቴና በወረቀት ቁራጭ የሚስተካከል ነገር ነው። ሦስተኛው እንደ ቦየር ብራንስደን ያለ ኤሌክትሮኒክ ነው። የሚለበስ ነገር የለውም፣ ሰዓቱንም አያዛባም፤ ባትሪው ሲደክም ግን ይደናገርና ያ የሸሸነው የፔዳል ምት ተመልሶ ይመጣል። እኔ ኤሌክትሮኒኩን እመርጣለሁ፣ ባትሪው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ።

አሁን ሒሳቡ። 45 ዋት የፊት መብራት በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ይበላል፤ በ12 ቮልት ግን ግማሹን፣ በገመዱ ውስጥ የሚባክነውም ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ትራያምፍ በ1966 ወደ 12 የተሻገረውም ያለምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት የተሠራ ካላችሁ እናንተም ተሻገሩ። ለዚህ ሞተር በብዛት የሚገጠመው ሉካስ አርኤም21 አልተርኔተር በደቂቃ 5000 ዙር ላይ 10 አምፔር ተኩል ገደማ ይሰጣል። መብራቱ ወደ 4፣ እሳቱ ወደ 3፣ የኋላ መብራቱ ግማሽ ብትሉ ይተርፋል። ከተማ ውስጥ በ2000 ዙር ስትንፏቀቁ ግን አይተርፍም፤ ባትሪው ቀስ በቀስ ያልቃል። መድኃኒቱ ኤልኢዲ አምፖል ወይም በዝቅተኛ ዙር የተሻለ የሚሰጠው ባለሦስት ፌዝ አልተርኔተር ነው። ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጠ ቮልቱን የሚገታውን ዜነር ዳዮድም በዘመናዊ ሬጉሌተር ተኩት።

ብዙ ሰው የሚያቃጥልበት ቦታ ይህ ነው፦ የዚህ ዘመን ትራያምፍ ከቻሲሱ ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩን ነው። እንደ መኪና ኔጌቲቩን ካያያዛችሁ ሬክቲፋየሩ ይሞታል፤ ኤልኢዲም አንዳንዱ በተገላቢጦሽ አይበራም። የስልክ ቻርጀር ከገጠማችሁ ብረቱ ቻሲሱን እንዳይነካ ጠብቁ። ሙሉውን ገመድ አዲስ ከዘረጋችሁና ፑንቲና ከሆነ እሳቱ ግን ወደ ኔጌቲቭ ቻሲስ መቀየር ይቻላል፤ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ አብሮት የመጣውን መመሪያ ሳታዩ አትንኩት።

በሉካስ ጨለማ መቀለድ የተለመደ ነው። እኔ ከሚቀልዱት ወገን አይደለሁም፤ ጨለማው አብዛኛውን ጊዜ ከዛገ ማያያዣና ከላላ ቻሲስ ገመድ የሚመጣ ነው። ከሞተሩ፣ ከፊት መብራቱና ከኋላው አንዳንድ ገመድ በቀጥታ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ መልሱ፤ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አትተማመኑ። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ፣ መብራቱን አብሩ፣ ወደ 3000 ዙር አምጡትና ባትሪው ላይ ቴስተር አስቀምጡ። ከ13.5 በታች ካነበበ ወደ አልተርኔተሩ ተመለሱ፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩን ፈትሹ።