በባልደረባ ስም መጫረት፦ ከብሪጅ ገበታ እስከ ሊዝ ፖስታ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ካርታ ጨዋታ መሆኑን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ሆኖም ሆሳዕና ላይ የከተማ ቦታ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ፖስታ ያስገባ ወይም ለማስገባት ያሰበ ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ብዙ አይመስለኝም። ኮንትራት ብሪጅ ግማሹ ጨረታ ነውና ስለ መጫረት የሚያስተምረን ነገር አለው።

በብሪጅ አራት ሰዎች ይጫወታሉ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ባልደረቦች ናቸው። 52 ካርታ ሲታደል ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቹ ከ13ቱ ዙሮች ስንቱን እንደሚያሸንፉና ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች የትኛው ገዥ እንደሚሆን በየተራ ይጫረታሉ። ቁጥሩ ከ6 በላይ ያለውን ይናገራል፤ «አንድ ስፔድ» ማለት ስፔድ ገዥ ሆኖ 7 ዙር እናሸንፋለን ማለት ነው።

ተጋጣሚ ጨረታውን ከከፈተ በኋላ ከእርሱ በላይ ቃል ሰጥቶ መግባት ኦቨርኮል ይባላል። ተጋጣሚዬ «አንድ ሃርት» ብሎ ከፈተ እንበል። እኔ አስ፣ ንጉሥና ጃክ ያሉባቸው አምስት ስፔዶች ይዣለሁ፤ «አንድ ስፔድ» እላለሁ። ይህ ቃል ከዋጋነቱ ይልቅ መልእክትነቱ ይበልጣል። ካርታዬን ለማያየው ባልደረባዬ «ኃይሌ እዚህ ነው» ይለዋል። ባዶ እጄን ለፉክክር ብቻ ብናገረው ግን ባልደረባዬ አምኖኝ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ውድቀቱም የሁለታችን ይሆናል።

መግባት መቼ ያዋጣል? ተጋጣሚዎቻችን አራት ሃርት ተጫርተው ቢሳካላቸው 420 ነጥብ ያገኛሉ እንበል። እኛ «አራት ስፔድ» ብለን ብንገባ፣ እነርሱም ቅጣቱን በሚያከብደው «ደብል» ቢመልሱልንና ሁለት ዙር ቢጎድለን፣ እንደ ወትሮው 300 እንቀጣለን፤ ከ420 ያነሰ ነውና አትርፈናል። «ተጋላጭ» በሚባለው የነጥብ ሁኔታ ላይ ከሆንን ግን ቅጣቱ 500 ነው። ካርታው ያው፣ ቃሉም ያው ነው፤ የተለወጠው የመውደቅ ዋጋ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተጫራች አስቀድሞ የሚጠይቀው «ላሸንፍ እችላለሁን?» ብሎ ሳይሆን «ብወድቅ ስንት እከፍላለሁ፣ ከማንስ ጋር?» ብሎ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ዘመዴ በቦታ ጨረታ ተሳተፈ። ገንዘቡ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ብዙዎቹ የሐድያና የከምባታ ቤተሰቦች፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ ይልክለት ነበር። ፖስታዎቹ ሲከፈቱ አሸነፈ፤ ዋጋው ግን ከሁለተኛው እጅግ የራቀ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ» አልነው። ማታ ወንድሙ ደውሎ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቀሪውን ማን ይከፍላል ብለህ ነው?»

በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 የጨረታ አሸናፊ የሚለየው ባቀረበው ዋጋና በቅድሚያ ክፍያው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። በታሸገ ፖስታ የሚጫረት ሰው የሌላውን ድምፅ አይሰማም። በብሪጅ እያንዳንዱ ቃል፣ ማለፍም ጭምር፣ ስለ ሌላው እጅ ይነግረናል፤ ፖስታው ግን ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ውስጥ የቦታውን ዋጋ ሁሉም በግምት ሲጽፍ፣ አሸናፊው ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ አብልጦ የተሳሳተው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት አሜሪካውያን የነዳጅ መሐንዲሶች በባሕር ላይ የነዳጅ ሊዝ ጨረታ የታዘቡት ይህንኑ ነበር፤ ዛሬ «የአሸናፊ እርግማን» ተብሎ ይታወቃል።

ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቦታ የሚመኘው ብዙ ነው። አትጫረቱ አልላችሁም፤ በብሪጅም ሁልጊዜ የሚያልፍ ተጫዋች ይሸነፋል። ነገር ግን ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ለባልደረባችሁ ደውሉ፤ እጁን ጠይቁት፤ የእናንተንም ሳትሸሽጉ ንገሩት። ለዘመዴ ያ ስልክ የተደወለለት ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ነበር።