ሠላሳ አንድ አንዶች

2,147,483,647። ላይ ላዩን ሲያዩት እንደ ማንኛውም ረጅም ቁጥር ነው። አሠራሩ ግን አጭር ነው፦ 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 1 መቀነስ። ኮምፒውተር በሚያውቀው የ0 እና የ1 አጻጻፍ ሲሰፍር መሐሉ ዜሮ የማይገባበት የ31 አንዶች ሰልፍ ይሆናል። ዝናውም ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ሰልፍ ነው።

ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። በዚህ መንገድ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሰን ስም ይጠራሉ። መንገዱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ በ31 ፈንታ 11 ሁለቶች ብናባዛ የምናገኘው 2,047 ሲሆን እሱም 23 ጊዜ 89 ነው። መርሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1644 ባወጣው ዝርዝር 31ን በትክክል ቢያስገባም 67ን ያለ ቦታው ጨምሮ 61ን ዘሏል።

ማረጋገጫው እ.ኤ.አ. በ1772 ከሊዮናርድ ኦይለር መጣ። ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ይህ ሊቅ ያን ጊዜ የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል አጥቶ ነበር። ቁጥሩ አካፋይ ካለው ትንሹ አካፋይ ከ46,341 ማነስ አለበት። ያን ሁሉ በእጅ መሞከር አሰልቺ ነው፤ ኦይለር ግን ብቸኛ የሆነ አካፋይ ቢኖር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ ሊሆን እንደሚችል አወቀ። ይህን ወንፊት የሚያልፉት 400 አይሞሉም። አንዳቸውም አላካፈሉትም።

ከዚህ ቁጥር ደግሞ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። ፍጹም የሚባለው እንደ 28 ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ (1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14) ራሱን የሚሰጥ ነው። የኛን ቁጥር በ1,073,741,824 ስናባዛ ባለ 19 አሃዝ ፍጹም ቁጥር ይወጣል። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚሁ ሲጽፍ፣ ጥቅም የሌለው ነገር ስለሆነ ከዚህ አልፎ የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎ ነበር። የሰው እልህ አልገባውም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው የመርሰን ብቸኛ ቁጥር ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው።

ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። ብዙ ፕሮግራሞች ለአንድ ቁጥር 32 ቦታ ይሰጣሉ፤ አንዱ ለምልክት ተይዞ 31 ይቀራል፤ ሁሉም አንድ ሲሆኑ ጣሪያው ይኸው ቁጥር ነው። 1 ሲጨመርበት አብዛኛውን ጊዜ ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል። ጊዜን ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970) ጀምረው በሰከንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሥርዓቶች በዚሁ ጣሪያ ይቆማሉ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይውላል፤ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። በቀጣዩ ሰከንድ ያልተስተካከለ ማሽን ራሱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ላይ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያገኘዋል። መድኃኒቱ ቆጣሪውን ወደ 64 ቦታ ማስፋት ነው፤ አዳዲስ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአብዛኛው ይህን አድርገዋል። የሚያሳስቡት ፋብሪካና ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው ማንም የማያድሳቸው ትናንሽ መቆጣጠሪያዎች ናቸው።