ኦሊምፒክና የጅማው ልጅ

ስለ ኢትዮጵያና ኦሊምፒክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስም አበበ ቢቂላ ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ሯጭ የቱንም ያህል ቢፈጥን በራሱ ተነሥቶ ኦሊምፒክ አይገባም። ስሙን የሚያስመዘግብለትና አገሩን በዓለም ፊት የሚወክል ተቋም ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴን ካቆሙት ሰዎች መካከል ደግሞ ከፊት የሚቀመጡት በ1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ የተወለዱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸውን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በእግር ኳስ ነው፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነታቸውና በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ባነሣው ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝነታቸው። በኦሊምፒክ ኮሚቴው ዋና ጸሐፊነት የሠሩት ግን ከዚህ አያንስም። ብሔራዊ ኮሚቴ ማለት ማኅተምና ቢሮ ብቻ አይደለም። የየስፖርቱ ፌዴሬሽን መጀመሪያ በአገር ውስጥ ይቋቋማል፤ ቀጥሎ ከዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ ጋር ይተሳሰራል፤ በዛሬው ደንብ እንዲህ ያሉ ቢያንስ አምስት ፌዴሬሽኖች የሌሉት ኮሚቴ ዕውቅና አያገኝም። ኢትዮጵያ ይህን ዕውቅና ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1954 (በ1946/47 ዓ.ም.) ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም.፣ 12 ስፖርተኞች ሜልቦርን ገቡ። ሁሉም ሯጮች አልነበሩም፤ ገረመው ደንቦባን ጨምሮ አራት ብስክሌተኞች ነበሩባቸው። ብስክሌተኞቹ የተወዳደሩት ከ180 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የጎዳና ውድድር ሲሆን፣ የቡድን ውጤት የወጣው ከአራቱ የሦስቱ ምርጥ ደረጃ ተደምሮ ነው። በሩጫው በኩል ማሞ ወልዴ 800ና 1,500 ሜትር ሮጠ፤ በ4 በ400 ዱላ ቅብብልም ተሰለፈ። ሜዳሊያ ያገኘ አልነበረም። ያው ማሞ ግን በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አጠለቀ። አበበም በጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የሮምን ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የገባው በዚሁ በተከፈተው በር ነው።

ይድነቃቸው በሩን ለአገራቸው ብቻ አልከፈቱም። በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነትና በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልነት የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ አፓርታይድን፣ ያለ ዕረፍት ታግለዋል። ትግሉ ዋጋ አስከፍሏል። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያሉን ኦሊምፒክ ትተው ወጡ። ምሩጽ ይፍጠር አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ሎስ አንጀለስና ሴኡል ደግሞ በዘመኑ የዓለም ፖለቲካ ሰበብ አለፉን። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የወርቅ ባለቤት ስትሆን ኢትዮጵያ ከኦሊምፒክ ከራቀች 12 ዓመት ሆኗት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድሉ ቀጥሏል፤ በፓሪስም ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሊምፒክ የማራቶን ክብረ ወሰን ሰብሯል። የሜዳሊያው ምንጭ ግን ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ አንድ ነው፦ አትሌቲክስ። በቶኪዮ በብስክሌት፣ በውኃ ዋናና በቴኳንዶም ተሳትፈን ነበር፤ በፓሪስ ከአትሌቲክስ ሌላ የቀረው ውኃ ዋና ብቻ ነው።

ይህ በአንድ ስፖርት ብቻ መመርኮዝ ጅማን በቀጥታ ይነካል። ደራርቱን ያፈራችው በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ጅማ ግን 1,800 እንኳ አትሞላም። ለቡና የተመቸው ወይና ደጋ የረጅም ርቀት ሯጭ ማፍሪያ ሆኖ አልታወቀም። ስፖርት ግን አላነሰውም፤ የእግር ኳስ ክለቡ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወይም ከጌራ የሚነሣ ታዳጊ የኦሊምፒክ ተስፋ እንዲኖረው ሌሎቹ ስፖርቶች ከአዲስ አበባ ቢሮ ወጥተው እሱ ያለበት ድረስ መምጣት አለባቸው፦ ክለብ፣ አሠልጣኝና በየዓመቱ የማይቋረጥ ውድድር ይዘው። ይድነቃቸው ፌዴሬሽኖችን አንድ በአንድ እያቆሙ አገርን ኦሊምፒክ አድርሰዋል። ዛሬም በተወለዱበት አገር የሚያስፈልገው ሥራ ይኸው ነው።