ልጃችሁ እየሮጠ ከወደቀ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት



የልጆች ሩጫ ሲቃረብ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ለውድድር ተመዝግቧል። ግን ሲሮጥ ቶሎ ይደክመዋል፣ አንዳንዴም ደረቴን ይላል። ይሩጥ ወይስ ይቅርበት?»

ሩጫ ለጤነኛ ልጅ ጥሩ ነው፤ ፈርተን ልጅ አናስቀምጥም። ነገር ግን ሁሉም ድካም አንድ አይደለም። የቱ የተለመደ፣ የቱ የሚያስፈራ እንደሆነ ለይተን እንወቅ።

✅ የተለመደው የቱ ነው?

👉 ልብ ድው ድው ማለት። ልጅ በሙሉ አቅሙ ሲሮጥ ልቡ በደቂቃ እስከ 200 ጊዜ ሊመታ ይችላል። ሲያርፍ በደቂቃዎች ውስጥ እየረገበ ይመጣል።

👉 ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ከቆላ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ቢያለከልክ አይገርምም።

👉 ከጎድን አጥንት ሥር መውጋት። በተለይ በልቶ ወዲያው ከሮጠ ያጋጥማል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ይተዋል።

👉 ሩጫውን ጨርሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማዞር። ሲሮጥ የእግር ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ እየገፋ ይመልሳል። ድንገት ሲቆም ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ያንሳል። ስለዚህ ልጁ እንደጨረሰ አቅፋችሁ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ ይራመድ። ካዞረው አስተኙትና እግሩን ከፍ አድርጉለት።

❌ የማይለመደውስ?

👉 እየሮጠ እያለ ራሱን ስቶ መውደቅ። ይህ ከሁሉም የከፋው ምልክት ነው። ጨርሶ ከቆመ በኋላ ከሚመጣው ማዞር ይለያል።
👉 ሲሮጥ ደረቱን ማመም ወይም መጫን።
👉 አርፎም የማይረግብ ወይም የሚዘበራረቅ የልብ ምት።
👉 በፊት ከእኩዮቹ ጋር ይሮጥ የነበረ ልጅ አሁን ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ማታ ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም እግሩ ሲያብጥ።
👉 በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ።

ከእነዚህ አንዱ ካለ ልጁ ሐኪም ሳያየው አይሮጥ። ወድቆ ወዲያው ቢነሳና «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ! ብዙ ጊዜ «ቁርስ ሳይበላ ነው»፣ «ፀሐይ መትቶት ነው»፣ «ቡዳ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሚቀጥለው መውደቅ ግን ላያስነሳ ይችላል። ሐኪሙ ልቡን ያዳምጣል፣ እንደ አስፈላጊነቱ ኢሲጂ እና የልብ አልትራሳውንድ ያዛል።

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

አንዳንድ ልጅ ከቤተሰብ በሚወረስ የልብ ጡንቻ መወፈር ወይም የልብ ምት ችግር ይኖርበታል። በአገራችን ደግሞ ብዙ ልጆችን የሚጎዳው ሩማቲክ የሚባለው የልብ ህመም ነው። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የቶንሲል ህመም ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት እየተቀያየረ ሊያብጥና ሊያም ይችላል። እሱ ይድናል፤ የልብ በሮች (ቫልቮች) ግን ተጎድተው ሊቀሩ ይችላሉ። ልጁ ቤት ውስጥ ደህና ይመስላል፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ሲሮጥ ነው።

ስለዚህ ቶንሲል ሲታመም አሳክሙት፣ የታዘዘውንም መድኃኒት ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ አያድንም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በሽታው ከተገኘም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ጉዳቱ እንዳይባባስ ይረዳል።

አስምስ? ሩጫውን ጨርሶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያስለው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ አስም ሊኖርበት ይችላል። ይህ ልጅ ሩጫ አይከለከልም! በሐኪም ከታዘዘለት ፓፉን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይወስዳል፣ ፓፉም ከወላጁ እጅ አይጠፋም።

🏃 በውድድሩ ቀን

👉 ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ቁርስ ይብላ፦ ዳቦ፣ ሙዝ ወይም በሶ።
👉 ውሃ በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ ይጠጣ።
👉 አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አታስጀምሩት።
👉 ካተኮሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ካስመለሰው በዚያ ቀን አይሩጥ። ቲሸርቱ ተገዝቷል ተብሎ አይገፋም።
👉 «አቁም» ማለት ነውር እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። አባቱን እንዳያሳፍር ብሎ ደረቱን እያመመው የሚሮጥ ልጅ አለ።

🚨 ልጅ ወድቆ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ ውሃ እየረጫችሁ፣ ክብሪት እያሸተታችሁ ጊዜ አታጥፉ። አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ (ቀይ መስቀል 907)፤ ሌላው ደረቱን መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይጫን። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፦ «ደረቴን» የሚል ልጅ መጀመሪያ ይመርመር። ልቡ ደህና ከሆነ በደስታ ይሩጥ፣ መጨረሻም ቢወጣ አጨብጭቡለት።

ልጁን ለሩጫ ላስመዘገበ ወላጅ ሁሉ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከስር ጻፉልን።