ያመመው ጉልበት ስፖርት ይሠራል?

ቁርጥማት ጉልበታቸውን ለያዛቸው ትልቅ ሰው ልጅም ጎረቤትም የሚሉት ያው ነው፦ «ይረፉ እንጂ፣ አይነሡ!» መገጣጠሚያ እንደ መኪና ጎማ በሠራ ቁጥር ያልቃል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ዳሩ ግን እግር ባረፈ ቁጥር የጭን ጡንቻ ይሳሳል፤ ጡንቻው ይችለው የነበረው ሸክም ጉልበት ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙም ይብሳል።

ይህን አዙሪት ለመስበር ከተነሡት መካከል የደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤቫ ሮስና ሶረን ስኮ ይገኙበታል። ግላድ የተባለውን ፕሮግራም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች አጭር ሥልጠና ወስደው ወደየክሊኒካቸው ይመለሳሉ፤ ታማሚዎች ስለ በሽታው ሁለት ጊዜ ይማሩና በሳምንት ሁለቴ፣ ለስድስት ሳምንት በቡድን ይሠራሉ። አውስትራሊያና ካናዳም ወስደውታል።

አቅም የሚለካው በተራ ወንበር ነው፤ በ30 ሰኮንድ ስንት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጣሉ? እኔን የማረከኝ ግን የሕመም ደንባቸው ነው። ታማሚው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይመዝነዋል። እስከ 2 ምንም አይደል፤ እስከ 5 ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ሥራው ይቀነሳል። በማግስቱ ወደ ወትሮው ከተመለሰ ሰውየው አልተጎዳም ማለት ነው። ጉልበቱ በተሰማው ቁጥር ሲደነግጥ ለኖረ ሰው ይህ ራሱ ግማሽ ሕክምና ይመስለኛል።

ውጤቱ ላይ ማጋነን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 ስኮና ባልደረቦቹ ለጉልበት ቅየራ የደረሱ 100 ታማሚዎችን አጥንተው ነበር። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የበለጠ ተሻላቸው፤ ከባድ ችግር የገጠማቸውም በብዛት እነርሱ ናቸው። በስፖርት፣ በትምህርትና በመሳሰለው ብቻ ከታከሙት 50 ሰዎች በዓመቱ ውስጥ ቢላዋ የመረጡት 13 ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሌላ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ ነገሩን አወሳሰበው። ከ206 ሰዎች ገሚሱ ግላድን ሲከታተል ገሚሱ ጉልበቱን የጨው ውሃ ተወጋ፤ የጨው ውሃ መሆኑም ተነግሮታል። ሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ተሻላቸው! እንግዲህ ከሚቀንሰው ሕመም የጡንቻው ድርሻ ስንት ነው? የታካሚው ተስፋና የባለሙያው እንክብካቤስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የጨው ውሃ ጭን አያጠነክርም፤ ለልብና ለስኳር በሽታም አይበጅም።

ለእኔ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፦ ቁርጥማት ዕድሜ ልክ፣ ኮርሱ ስድስት ሳምንት። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ኢንሃንስ ፊትነስ በዚህ ይሻላል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንዳንድ ሰዓት፣ መመረቂያ የሌለው ክፍል ነው፤ መቆም ያቃተው ወንበር ላይ ሆኖ ይሠራል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ማለዳ ስፖርተኛ አይጠፋበትም፤ ፍጥነቱ ግን የወጣቶቹ ነው። ወንበር ይዞ የሚመጣ አሠልጣኝ ቢገኝ እናቶቻችንም ከዳር ቆመው ከማየት ይድኑ ነበር።